የሀዋሳው ገንዘብ፦ በኮሮና ጊዜ ቡድናችሁ ለማን ሰጠ? ማንንስ ረሳ?

ገንዘብ ያዡ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ጤና ቡድን ገንዘብ ያዥ ነኝ። ኳሱ ላይ ያን ያህል አይደለሁም፤ ቆሜ ስለምቀር ተከላካይ ይሉኛል። ጥያቄዬ ስለ ኮሮናው ጊዜ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እሁድ እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጃን ሜዳ እንጫወት ነበር። 34 ነን። መዋጮ በወር 100 ብር፣ ላረፈደ ቅጣት 20 ብር። (የቅጣቱን ድምር ብታዩ ስንት እንቅልፋም እንዳለን ይገባችኋል።) በ2012 ከፋሲካ በኋላ ሀዋሳ ወርደን ከአንድ ቡድን ጋር ልንገጥም፣ ዓሣ ልንበላ ቆጥበን ነበር። ደብተሬ 41,300 ብር ይላል።

መጋቢት 4 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ተባለ። መጋቢት 6 እሁድ ተጫወትን፤ ጎል ሲገባ በክርን እየተነካካን። በማግስቱ ትምህርት ቤቱም ስፖርቱም ቆመ። መጋቢት 30 አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ 4 ሰው ሆኖ መሰብሰብ እንኳ ቀረ። ቆይቶ ደግሞ ሜዳችን ራሱ አትክልት ተራ ሆነ። የፒያሳው ሽንኩርትና ቲማቲም መጥቶ ጎል የምናገባበት ቦታ ላይ ተዘረገፈ።

በቴሌግራም ተመካከርን። የሀዋሳው ገንዘብ ለሰፈር ሰው ይዋል ተባለ። ያጉረመረምነው ሦስት ነን። ዓሣው አሳስቶኝ ሳይሆን የሰው ገንዘብ ስለያዝኩ ነው (እሺ፣ ዓሣውም ትንሽ አለበት)።

ስህተታችን ዝርዝሩ ላይ ነው። ከአንድ ቢሮ ስም ዝርዝር ተቀበልንና ለ22 ቤት 10 ኪሎ ዱቄት፣ 3 ሊትር ዘይት፣ ማካሮኒና ሳሙና አደረስን። አንዳንዱ ቤት ስንገባ ከኛ በፊት ማዕድ ያጋሩ ሰዎች ያመጡት ዘይት አልጋ ሥር ተደርድሯል። አንዷ እናት እየሳቁ «ልጄ፣ ዘይቱን ልጠጣው እንዴ?» አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነው የተቀበሉን፣ ግን ገባኝ።

ግንቦት ላይ ሽንኩርት ልገዛ ጃን ሜዳ ሄድኩ። ጨዋታ ስናበቃ ቡና የምታፈላልንን ሴት አየኋት። ጭቃው ውስጥ ቁጢጥ ብላ የፈረጠ ቲማቲም ከደህናው ትለያለች። ከቀሚሷ በላይ የደረበችው የኛን አሮጌ 9 ቁጥር ማልያ ነው። ቀና ብላ ያው በጭምብሏ ውስጥ «ልጆቹ ሁሉም ደህና ናቸው?» አለችኝ። 34ታችንንም ነው። እኔ አንድ ቀን እንኳ አልደወልኩላትም።

ከዚያ የባሰው መጣ። ቡናዋን በዱቤ ነበር የምንጠጣው፣ ወር ሲያልቅ ልንከፍል። ቤት ገብቼ ደብተሩን ገለጥኩ። የየካቲትና የመጨረሻዋ እሁድ ሂሳብ አልተከፈለም። የ6 እሁድ ቡና፣ 750 ብር። እኛ በሸክም ዱቄት ስናዞር የሷን ዕዳ ይዘን ነበር ማለት ነው።

አሁን መተዳደሪያ ደንባችንን እያሻሻልን ነው። ከመዋጮው ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ሊኖረው ነው። እና እናንተ ሰውየው ሳይለምን መቸገሩን እንዴት አወቃችሁ? እንዴትስ ሳታሳፍሩ ሰጣችሁ?

ግራ ክንፍ፦
እኔ ጎፋ አካባቢ የሕፃናት ፕሮጀክት ውስጥ ረዳት አሰልጣኝ ነበርኩ። 26 ልጆች። ሜዳ ሲዘጋ ለየቤታቸው እየደወልን የገመድ ዝላይና ፑሽ አፕ እናዛቸው ነበር። ዋና አሰልጣኛችን ተንኮለኛ ነው፣ በመልካሙ። መጨረሻ ላይ «ስፖርተኛ የሚበላውን ይመዘግባል፣ ዛሬ ምን በላህ?» ይላል። ልጅ አይዋሽም። ጠዋትም ማታም ሻይ በዳቦ የሚሉትን በሳምንት አወቅናቸው።

የአንዱ አባት የታክሲ ረዳት ነው። ታክሲ በግማሽ ሰው ይጫን ሲባል ባለቤቱ ያለ ረዳት መሥራት ጀመረ። እንዲህ ያለ ሰው በየትኛው ዝርዝር ይገባል?

ስንሰጥ ግን ለ26ቱም ሰጠን፣ እኩል። «የተጫዋች ቀለብ» ብለን። ቤታቸው የሞላ ሁለት ወላጆች በዚያው ማታ ደውለው «የኛን ለሌላ አድርጉት» አሉን።

እንግዳ 12፦
ፎቶ አታንሱ። ሌላ ምክር የለኝም። አንድ ክለብ ባነር ይዞ መጥቶ እናቴን ፓስታ አስታቅፎ ፎቶ አነሳት፣ ፌስቡክ ላይ ወጣች። ሁለተኛ ሲመጡ በሩን ዘግታ «የሉም በላቸው» አለችኝ። ፓስታው ያስፈልገን ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከሜሪላንድ ነኝ። በ2020 የሐምሌው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ውድድር ሲቀር ለጉዞና ለማልያ ያዋጣነው እጃችን ላይ ቀረ። ከኛ ልጆች ብዙው ፓርኪንግ ይሠራል ወይ ታክሲ ይነዳል፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ቤቱ ተቀመጠ። ገንዘቡን ለቤት ኪራይ ሰጠን፣ አለቀ። የጠቀመው ሌላ ነው። እንግሊዝኛው የሚቀናው በረኛችን በየማታው ስልክ ላይ ተጥዶ የሥራ አጥ ድጎማ ፎርም ይሞላ ነበር። ለቡድኑ ጀምሮ ለአጎት፣ ለአክስት፣ ለማያውቀው ሁሉ። ገንዘብ ያዥ፣ ደንባችሁ ላይ ስለ ብር ብቻ አትጻፉ።

ወንበር አሟቂ፦
ሁሉንም አነበብኩ፣ ግን 750 ብሩ ተከፈለ ወይስ አልተከፈለም?

ገንዘብ ያዡ፦
ሃሃ፣ ተከፈለ። በማግስቱ 2,750 ይዤ ሄድኩ። ቆጠረችና 750ውን ወስዳ 2,000ውን መለሰችልኝ። «ምንድን ነው ይሄ?» አለች፣ ፊቷ ተለወጠ። ብለምናት እንቢ። ለቡድኑ ስነግር አንዱ «ቀብድ በላት እንጂ!» አለኝ። ተመልሼ ሜዳው ሲከፈት የምንጠጣው የቡና ቀብድ ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እንደሱ ከሆነ ጻፈው» ብላ ተቀበለች። በየወሩም ጨመርንበት።

የምግብ መዝገቡን ዘዴ ግን ሰርቄያለሁ፣ ግራ ክንፍ። ፎቶ የሚለውም ደንቡ ውስጥ ይገባል።

ለ2013 ጥምቀት ጃን ሜዳ ሲጸዳ እኛም መጥረጊያ ይዘን ወጥተናል። ቆይተን ስንመለስ እሷም ረከቦቷን ይዛ መጣች። ቀብዱን ያኔ በስኒ እየቆጠርን ጨረስን። የሷ ደብተርና የኔ ደብተር ግን እስከ ዛሬ በ15 ብር ይለያያሉ። የኔ ነው ልክ።