ቪትዜ ዘይት ትጥላለች፣ ሞተር ሳይወርድ ራሴ ልሰራት እችላለሁ?

ቪትዟ፦
ሰላም ቤተሰብ እባካችሁ እርዱኝ። መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ 1300 ሲሲ፣ ሞተሯ 2ኤንዜድ። ከክረምት ወዲህ ካቆምኳት ቦታ ስነሳ ስሯ የዘይት ጠብታ አገኛለሁ፣ የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ግቢውን አበላሸሽው ብሎ ተቆጥቶኛል፣ መብራት ላይ ስቆም ደሞ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ ጋራዥ ስወስዳት ከስር አየት አርገው "የኋላው ፓራዮሊ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) ነው፣ ካምቢዮ (ማርሽ ሳጥኑ) መውረድ አለበት" ብለው የጠሩልኝ ዋጋ አስደነገጠኝ። ጎማ ከመቀየር ሌላ ምንም ሰርቼ አላውቅም ግን መሞከር እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?

ቡሎን 10፦
አይዞሽ እህቴ፣ መጀመሪያ ምንም እንዳትገዢ። ዘይት ከላይ አፍስሶ በሞተሩ ጎን ወርዶ ታች ነው የሚንጠባጠበው፣ ስር የገባ ሰው ደሞ የሚያየው የታችኛውን ብቻ ነው፣ ስለዚህ የላይኛው ሳይጣራ ፓራዮሊ ነው ሲሉሽ አትመኚ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኮፈኑን ክፈቺና በስልክሽ መብራት የቴስታታውን (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ዙሪያውን እዪው፣ ክዳኑና ቴስታታው የሚገናኙበት መስመር ላይ አቧራ የያዘ እርጥብ ጥቁር ነገር ካለ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እሱ ነው። ሽታ ይገባል ያልሽው ራሱ ወደዛ ይጠቁማል፣ ከላይ የሚወርደው ዘይት የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ሲያርፍ ነው እንደዛ የሚሸተው።

ካላረጋገጥሽ የሞተር ማጠቢያ ነፍተሽ አጽጂው (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡትን ኮይሎችና ሶኬቶቹን በፕላስቲክ ሸፍኚ፣ በከፍተኛ ግፊት ውሃ እንዳትመቺው)፣ ሲደርቅ የህፃን ፓውደር ነስንሺበት፣ ትንሽ ነድተሽ ተመለሺና እዪ። ዘይቱ ነጩ ላይ መንገዱን ያሳይሻል፣ ከላይኛው ጫፍ የጀመረበት ነው ምንጩ።

ሰሚት ነዋሪ፦
ይሄን ሁሉ ምን አስለፋሽ፣ ወፈር ያለ ዘይት አርጊበት 20ደብልዩ50፣ ካልሆነ ደሞ የሚያፈስ የሚደፍን ኬሚካል አለ እሱን ጨምሪ። የኔ ኮሮላ በሱ ነው የምትሄደው። ባይሆን ወንድምሽን ላኪው ጋራዥ።

ጋሽ ካምቢዮ፦
ወንድምሽን ላኪ ምን ማለት ነው፣ ልጅቷ እኮ ራሴ ልስራ ነው ያለችው። የወፈረ ዘይት ያረጀች ዲኤክስ ኮሮላ ላይ ሊያስኬድ ይችላል፣ 2ኤንዜድ ግን ቪቪቲአይ (የቫልቮቹን መክፈቻ ሰዓት የሚያስተካክል) ነው፣ በቀጫጭን መንገድ በዘይት ግፊት ነው የሚሰራው፣ ኩባንያው 5ደብልዩ30 ያለው ያለምክንያት አይደለም። ኬሚካሉ ደሞ የደረቀ ጎማ ለጊዜው ያለሰልስ ይሆናል እንጂ የተሰነጠቀውን አይመልስም።

ልጄ አንድ ነገር ግን አደራ፣ እስክትሰሪው በየጠዋቱ የዘይት መለኪያውን እያየሽ ንጂ። ከታችኛው ምልክት በታች ከወረደ ጨምሪ። ቀዩ የዘይት መብራት እየነዳሽ ከበራ ደሞ እቤት ልድረስ አትበዪ፣ ዳር ያዢና ሞተሩን አጥፊ።

ቪትዟ፦
ፓውደሩን ሞከርኩት!! በኋላ በኩል ካለው የክዳኑ ጥግ ጀምሮ ወደታች የወረደ ጥቁር መስመር አለ፣ ታች ካምቢዮው ጋ ደርሶ ነው የሚንጠባጠበው። አንዱን ኮይል ነቅዬ ሳይ ደሞ የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥም ትንሽ ዘይት አለ። አሁንስ?

ሱማሌ ተራ፦
የክዳኑ ጋስኬት (በክዳኑና በቴስታታው መሀል ያለው ጎማ) ነው መቀየር ያለበት፣ ስትገዢ የሻንሲ ቁጥርሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ቪትዝ ብለሽ ብቻ ከጠየቅሽ የ1000ውን ይሰጡሻል፣ ሞተሩ ሌላ ነው። የካንዴላ ጉድጓድ ጎሚኒዎቹ ከጋስኬቱ ጋር ካልመጡ ለብቻ ጠይቂ፣ አራት ናቸው። ጋስኬቱን እጠፊው፣ ለስላሳ ሆኖ ከተመለሰ ጥሩ ነው፣ ደረቅ ካለ ተይው ቢረክስም። ግራጫ ወይም ጥቁር የሞተር ሲሊኮንም ያዢ፣ የመስኮቱን አይነት አይደለም።

ቡሎን 10፦
በጣም ጥሩ፣ ይሄ ስር መግባት እንኳን አይጠይቅም። የሚያስፈልግሽ 10 ቁልፍ ከነማራዘሚያው፣ ጨርቅ፣ የፕላስቲክ መፋቂያ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀዪ፣ ከመፍታትሽ በፊት ፎቶ አንሺ። ኮይሎቹን አውጪና ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ዘይት ካንዴላውን ሳትነኪ በጨርቅ አጽጂ፣ መጀመሪያ ካንዴላውን ከፈታሽ ዘይቱ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ከዛ የክዳኑን ቡሎኖች ከዳር ወደ መሀል ትንሽ ትንሽ እያላላሽ ፍቺ። ክዳኑ ቢጣበቅ በካቻቢቴ እንዳትፈለቅቂው፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው ይቧጨራል፣ በመዶሻ እጀታ ጎኑን ቀስ ብለሽ ምቺው።

ክዳኑ ከተነሳ በኋላ የተከፈተው ሞተር ውስጥ ቡሎንም የጨርቅ ክርም እንዳይገባ ንጹህ ጨርቅ አልብሺው። ጋስኬቱ የሚያርፍበት ቦታ በሁለቱም በኩል ደረቅና ንጹህ ይሁን፣ የድሮ ሲሊኮን ፍርፋሪ ካለ ነቅለሽ አውጪ፣ አዲስ ጋስኬት ቆሻሻ ላይ ተቀምጦ ነው ብዙ ጊዜ እንደገና የሚያፈሰው። ሲሊኮን ዙሪያውን አትቀቢ! የሰንሰለቱ ሽፋን ከቴስታታው ጋር የሚገናኝባቸው ሁለት ጥጎች ላይ ብቻ ትንሽ ጠብ አርጊ። ስትመልሺ ከመሀል ወደ ዳር እያቋረጥሽ በሁለት ዙር እሰሪ፣ ልኩ ወደ 10 ኒውተን ሜትር ነው፣ ቶርክ ቁልፍ ከሌለሽ አጭር ቁልፍ ይዘሽ በጣትሽ ጉልበት ብቻ፣ ብዙ ካጠበቅሽ ቡሎኑ ይቆረጣል።

ጋሽ ካምቢዮ፦
ክዳኑ ላይ ያለችውን ፒሲቪ ቫልቭም (ሞተሩን ከውስጥ የምታስተነፍሰው) አውጥታችሁ አራግፏት፣ ካልተንኳኳች ተደፍናለች ማለት ነው። እሷ ከተደፈነች ሞተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና አዲሱንም ጋስኬት ዘይት ያስተፋዋል። ርካሽ ናት፣ ቀይሪያት።

ቪትዟ፦
ሰራሁት!!! ጋስኬቱ ሲወጣ እንደ ብስኩት ነው የተሰባበረው። ፒሲቪውም አይንኳኳም ነበር፣ ቀየርኩት። ሲሊኮኑ እንዲደርቅ አሳድሬ ነው ያስነሳኋት። አሁን ክዳኑ ዙሪያ ደረቅ ነው፣ ግን ሽታው አለ፣ እንደውም ትንሽ ጭስ አየሁ፣ አልተሳካም ማለት ነው?

ጋሽ ካምቢዮ፦
ከላይ ደረቅ ከሆነ የድሮው ዘይት ነው፣ ጭስ ማውጫው ላይ የቀረው ተቃጥሎ እስኪያልቅ ይሸታል፣ ትንሽ ስትነጂ ይጠፋል። እየጨመረ ከሄደ ግን አቁሚና እንደገና እዪው። ለማንኛውም ማታ ስሯ ካርቶን አንጥፊ፣ ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ካልሆነ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊው፣ ያኔ ስለ ፓራዮሊው እናወራለን።