የአካባቢ ታሪክ ድርሰት ውድድር ለ12ኛ ክፍል ተመራቂ (ጅማ)፦ ርዕስና ምንጭ ላይ ምክር ፈለግሁ

የአዌቱ ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ጅማ ላይ ለተመራቂ ተማሪዎች የአካባቢ ታሪክ ድርሰት ውድድር ወጥቷል፤ ያሸነፈ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ወጪው ይደገፍለታል። ደንቡ ከ1,200 እስከ 1,500 ቃል፣ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ፣ ቢያንስ አንድ የቃል መረጃና ሁለት የጽሑፍ ምንጭ ይላል። ማስረከቢያው ሚያዝያ 30 ነው። እሷ ስለ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ልጽፍ ትላለች። ርዕሱ ያዋጣታል? ምንጩስ ከየት ይገኛል? ማትሪኩን ሳይሻማባት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

መዝገብ አገላባጭ፦
ቤተ መንግሥቱን ብትተወው ይሻላል። ጅማ ላይ እንዲህ ያለ ውድድር ሲወጣ ሁሉም የሚሮጠው ቤተ መንግሥቱ ወዳለበት ወደ ጅሬን ነው፤ የሚጻፈውም ያው ነው፦ ኮረብታ ላይ ነው፣ ከእንጨት የተሠራ ነው፣ ንጉሡ እጅግ ረጅም ነበሩ፣ ለቱሪዝም ይጠቅማል። ዳኛው አምስተኛው ላይ ሲደርስ ማን የማንን እንደጻፈ መለየት ያቅተዋል።

በ1,500 ቃል የሚያልቅ ነገር ትምረጥ። መለኪያው ቀላል ነው፦ ርዕሱ በእግር ተሄዶበት የሚታይ ቦታ፣ አፍ አውጥቶ የሚናገር ሰው እና የሚነበብ ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌላ ትፈልግ። የሐሙስ ገበያ ከሂርማታ (ከድሮው የጅማ ገበያ) ዘመን ወዲህ እንዴት እንደተለወጠ፣ ከጣሊያን ዘመን የቀሩ ቤቶች ዛሬ ምን እንደሚሠራባቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1952 የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ለአካባቢው ገበሬ ያመጣው ለውጥ፣ የመልኮ የቡና ምርምር ጣቢያ፣ ሁሉም ያዋጣሉ።

የእኔ ምርጫ ግን የሰፈር ዕድር ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። መንደራ ቆጪም ሆነ ቦሳ ቂጦ ብትሄድ የቆየ ዕድር ጸሐፊው ቤት መዝገብ አለው። ጠርዙ በተበላ ትልቅ ደብተር ላይ መጀመሪያ መተዳደሪያ ደንቡ፣ ቀጥሎ የአባላት ስም፣ ከዚያ ወርሃዊ መዋጮው፣ ቀብር የቀረ የተቀጣው፣ ድንኳንና ብረት ድስት የተገዛበት ሒሳብ ይሰፍራል። ከዚያ ላይ የመዋጮውን ዕድገት በየዐሥር ዓመቱ አውጥታ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው መቼ እንደተመዘገቡ፣ የአባላት ሥራ ምን እንደነበር ብትጽፍ ሌላ ተወዳዳሪ ሊነካው የማይችል ድርሰት ይወጣታል። መዝገቡን ይዛ ልውጣ ብትል አይሰጧትም፤ እዚያው ቁጭ ብላ ትገልብጥ። ፎቶ ከማንሳቷ በፊት ሊቀመንበሩን ታስፈቅድ፤ የሟችና የዕዳ ስም ያለበትን ገጽ ግን ፎቶ አታንሳ።

መጀመሪያ ግን ከትምህርት ቤቷ የትብብር ደብዳቤ ታውጣ። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል፣ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያለው፤ ሦስት ኮፒ። ያለ እሱ ቀበሌም ሆነ ሙዚየም «ከየት ነሽ» ብሎ ይመልሳታል። ርዕሰ መምህሩ ፈተና ሲቃረብ ቢሮ ስለማይገኝ ይህን ነገ ዛሬ አትበል።

ዘመን ቆጣሪ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ። እኔ ነጥብ ስለሚያስጥለው ነገር ልጨምር፤ እሱም ዓመተ ምሕረት ነው።

ተማሪው የፈረንጅ መጽሐፍ አንብቦ ሁሉንም ቀን በ8 ይቀንሳል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚቀነሰው 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው የተመሠረተው በዲሴምበር 1999 ነው፤ በእኛ 1992 ይሆናል። በ8 የቀነሰ 1991 ይጽፋል፣ ይሳሳታል። ጅማ ከጣሊያን ነፃ የወጣችበት ጁን 21፣ 1941 ደግሞ ሰኔ 14፣ 1933 ነው፤ እዚህ 8ቱ ይሠራል። ወሩ ካልታወቀ አትገምት፤ አባ ጅፋር ዳግማዊ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1878 ነገሡ የሚለውን «1870/71 ዓ.ም.» ብላ ትለፈው። ሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ የሒጅራ ቀን ያለበት ወረቀት ካገኘች የሒጅራው ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራልና ዝም ብሎ ቁጥር መቀነስ አይሠራም።

ሽማግሌ ስትጠይቅ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» አትበል። ይገምቱና ይነግሯታል፣ እሷም እውነት ብላ ትጽፈዋለች። «ጣሊያን ሳይወጣ በፊት ነው ከወጣ በኋላ? ትርፍ ቤት ሲወረስ እዚህ ነበራችሁ? ኢሕአዴግ ሲገባስ?» ብላ ትጠይቅ። እነዚህ 1933፣ 1967 እና 1983 ናቸው፤ መልሱ በመካከላቸው ይወድቃል። አንድ ሰው ከ40 ደቂቃ በላይ አታድክም። በስልክ ትቅዳ፣ ግን ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ዕድሜ ያኔውኑ በደብተር ትጻፍ። ያየውንና የሰማውን ትለይ፤ «አባቴ እንዳወራኝ» ያለውን «አይቻለሁ» አድርጎ መጻፍ ትልቅ ጥፋት ነው። አንድ ነገር ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ከተናገሩት ብቻ እንደ ጠንካራ መረጃ ትያዘው።

ደግሞ ስም። ጅማ ላይ «አባ» ብሎ የሚጀምር ስም የፈረስ ስም ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ሌላ የመጠሪያ ስም አለው። ሁለቱንም ትጻፍ። አባ ጅፋርም ሁለት ናቸው። በቀዳማዊውና በዳግማዊው መካከል አባ ረቡ፣ አባ ቦቃና አባ ጎሞል ነግሠዋል፤ የዳግማዊው አባት አባ ጎሞል ናቸው። የአንዱን ሥራ ለሌላው የሰጠ ድርሰት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ!

የጅሬን መንገድ፦
ቤተ መንግሥቱ ይቅር በሚለው አልስማማም። የሚያበላሸው ጥያቄ አለመኖሩ ነው። «የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ታሪክ» ርዕስ አይደለም። «ጅማ ለምኒልክ ግብር ከፍላ የውስጥ አስተዳደሯን እንዴት ይዛ ቆየች?» ጥያቄ ነው። «ጅሬን የፖለቲካው፣ ሂርማታ የንግዱ ማዕከል ሆነው ለምን ተለያዩ?» የሚለውም እንደዚያው፤ ሁለቱንም ቦታ በአንድ ቀን ደርሳ ትመለሳለች።

ስለ ሂርማታ ከጻፈች ግን ቡናውን፣ የዝሆን ጥርሱንና ዝባዱን ዘርዝራ ሌላውን እንዳትዘል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ገበያ ላይ ሰውም ይሸጥ ነበር። ብዙ ተማሪ ያፍርና ይተወዋል፤ የሚያውቅ ዳኛ ግን ቀድሞ የሚፈልገው እሱን ነው። ሳይሰድቡም ሳያድበሰብሱም ምንጭ ጠቅሶ ሁለት አንቀጽ መጻፍ በቂ ነው።

ለጽሑፍ ምንጭ፦ አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኸርበርት ሉዊስ ስለ ጅማ መንግሥት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1965 ያሳተመው ጥናት መነሻ ይሆናል፤ እንግሊዝኛው ከከበዳት ስለ ገበያውና ስለ አስተዳደሩ ያለውን ብቻ ታንብብ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ደግሞ ስለ ወረዳና ስለ ከተማ በዝርዝር የተጻፈባቸው ናቸው፤ በትብብር ደብዳቤው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለማንበብ ትጠይቅ። የመመረቂያ ጽሑፍን ግን እንዳለ አትመን። መጨረሻው ላይ ያለውን የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ትይ፤ በሕይወት ያሉ ካሉ ሄዳ ልታነጋግራቸው ትችላለች።

የአዌቱ ማዶ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሩ ደስ ብሏታል። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ከቴሌግራምና ከኤአይ የተቀዳ እንዴት ይታወቃል? ገንዘቡ አሰጣጥ ላይስ የሚያስቸግር ነገር አለ?

አራሚ ቀይ እስክሪብቶ፦
የተቀዳ ወዲያው ያስታውቃል። ኤአይ የጻፈው «ጅማ በታሪክ የበለጸገች ውብ ከተማ ናት» ብሎ ይጀምርና አንድ የቀበሌ ስም፣ አንድ የሰው ምስክርነት ሳይጠቅስ ያልቃል። ጥሩ አወዳዳሪ ደግሞ ለመጨረሻው ዙር ያለፉትን ዐሥር ደቂቃ ያህል በቃል ይጠይቃል፦ ይህን ማን ነገረሽ? የት ቁጭ ብላችሁ? የማይስማማ ሰው አላገኘሽም? ራሷ የሠራችው ከሆነ ይህ ለእሷ ቀላሉ ክፍል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ረቂቅ፣ የማስታወሻ ደብተሯንና የድምፅ ቅጂውን ውጤት እስኪነገር አታጥፋ።

ጊዜውን በተመለከተ ከ20 እስከ 25 ሰዓት ይበቃታል፤ አራት ቅዳሜ ማለት ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤውን ይዛ ዕድሩ ጋ ትሄዳለች፣ በሁለተኛው ሁለት ሰው ታነጋግራለች፣ ሦስተኛው ለቤተ መጻሕፍት፣ አራተኛው ለመጻፍ። መጋቢት አጋማሽ ላይ ብትጀምር ሚያዝያ ሲጋመስ ታልቃለች፤ የቀረው ለማረም ነው። 1,400 ቃል በደብተር ስምንት ወይም ዘጠኝ ገጽ ይሆናል። መግቢያው ከአንድ አንቀጽ አይብለጥ፤ ከኦሪት መጀመር የለባትም።

ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የምታስተይብ ከሆነ በዩኒኮድ ይተየብላት። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተተየበ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ይዝረከረካል፤ አንባቢው ምንም አያይም። በፒዲኤፍ አስቀይራ፣ በራሷ ስልክ ከፍታ አይታ ትላክ። የኦሮምኛ የቦታና የሰው ስም ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ አጻጻፍ ይሁን፤ ሂርማታና ሕርማታ በአንድ ገጽ ላይ አይቀላቀሉ።

የገንዘቡን ደንብ ግን ከማስገባቷ በፊት በደንብ አንብቡት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከገባች ትምህርቱ በወጪ መጋራት ስለሚሸፈን ድጋፉ ለትራንስፖርት፣ ለፍራሽና ለላፕቶፕ የሚውል መሆን አለበት፤ «ለትምህርት ክፍያ ብቻ» ካለ ለእሷ ብዙም አይረባትም። ሁለተኛ፣ «ዩኒቨርሲቲ የተመደበ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ካለ ረሜዲያል (የማለፊያ ውጤት ላልመጣለት የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት) የገባ ተማሪ ይካተት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ውጤት ከወጣ በኋላ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ክፍያው በባንክ ከሆነ ሒሳቡ በራሷ ስም ይሁን፤ 18 ካልሞላት በአሳዳጊ በኩል ይከፈታል። በትምህርት ቤት ካርዷ፣ በፋይዳዋና በባንክ ደብተሯ ላይ ያለው የአያት ስም አንድ ዓይነት መጻፉን አሁኑኑ አረጋግጡ፤ አንድ ፊደል ቢለያይ ማስተካከያው ወራት ሊፈጅ ይችላል።