ስለ ክሪፕቶከረንሲና ስለ ያልተማከለ ፋይናንስ በእንግሊዝኛ ለመከራከር የትኞቹ ቃላት ይቅደሙ?

ጥያቄ፦ የማራኪ ውይይት አስተባባሪ፣ ጎንደር

ማራኪ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰብ የእንግሊዝኛ መወያያ ቡድን አስተባብራለሁ። ከአባላቱ መካከል የባንክ ሠራተኞች፣ በኢኮኖሚክስና በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቁ ወጣቶች፣ እንዲሁም ፒያሳ ላይ ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎች ይገኛሉ፤ ስለ ኑሯቸውም ሆነ ስለ ሥራቸው በእንግሊዝኛ ሲያወሩ አይቸገሩም። ለሚቀጥለው ወር የመረጡት ርዕስ ግን ያልተማከለ ፋይናንስ (ያለ ባንክ አማካይነት በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚካሄድ የገንዘብ አገልግሎት)፣ በተለምዶ ዲፋይ የሚባለው ነው፤ በሙከራው ውይይት ላይም አብዛኞቹ «ሪስኪ» ከሚለው ቃል ማለፍ ተስኗቸው ነበር።

ከኢንተርኔት የተገኘ የቃላት ዝርዝር አባዝተን አከፋፍለናል። አባላቱ ትርጉሙን በቃላቸው ይዘውታል፤ ሆኖም የሌላውን ሐሳብ ለመሞገት ሲነሡ ቃሉን ከየትኛው ግስና ከየትኛው መስተዋድድ ጋር እንደሚያጣምሩት ግራ ይገባቸዋል። ጊዜያችን አጭር በመሆኑ ሁሉንም ማዳረስ አንችልም። ከየትኞቹ ቃላት እንጀምር? እንዴትስ ብናስተምራቸው ለክርክር ይጠቅሟቸዋል? ዓላማችን ውይይት ብቻ እንጂ ማንንም ወደዚህ ገበያ ማስገባት እንዳልሆነ በቅድሚያ ላሳውቅ እወዳለሁ።

መልስ 1፦ የአዘዞ ፕሮግራመር

ጤና ይስጥልኝ። ዝርዝሩን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው አንድ አሠራር ይምረጡ፤ ቃላቱ ከአሠራሩ ውስጥ በተራ በተራ ይወጣሉ። ለመጀመሪያው ቅዳሜ እኔ ብሆን የምመርጠው ሊኩዲቲ ፑል (የጋራ መገበያያ ቋት) የሚባለውን ነው፤ ምክንያቱም በወረቀትና በእርሳስ ተሰልቶ የሚታይ፣ ከአራት ያላነሱ አስቸጋሪ ቃላትንም በአንድ ጊዜ የሚያስጨብጥ ነው።

ዩኒስዋፕ የተባለው መገበያያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ኢቴሪየም በተባለው ብሎክቼይን (በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያዝ የጋራ ዲጂታል መዝገብ) ላይ ሥራ ሲጀምር ገዢና ሻጭን የሚያገናኝ ደላላም ሆነ የትዕዛዝ መዝገብ አልነበረውም። ሰዎች ሁለት ዓይነት ቶክን (ዲጂታል ገንዘብ) በአንድ ቋት ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ዋጋውን የሚወስነው ደግሞ የሁለቱ ቶክኖች መጠን ሲባዛ ውጤቱ ሳይለወጥ እንዲቆይ የሚያስገድድ ቀመር ነው። በቋቱ ውስጥ 10 ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) እና 20,000 ዩኤስዲሲ (አንዱ ከአንድ ዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የታሰበ ቶክን) አለ እንበል፤ የአንድ ኢተር ዋጋ 2,000፣ ብዜቱም 200,000 ይሆናል። አንድ ሰው 1 ኢተር ገዝቶ ሲያወጣ 9 ስለሚቀር፣ ብዜቱ እንዲጠበቅ በሌላው ወገን ያለው ገንዘብ ወደ 22,222 ገደማ ማደግ አለበት። ስለዚህ ገዢው የአገልግሎት ክፍያው ሳይታሰብ 2,222 ከፈለ ማለት ነው። በ2,000 እና በ2,222 መካከል ያለውን ልዩነት ያመጣው የራሱ ግዢ ነው፤ ይህም ፕራይስ ኢምፓክት ይባላል። ስሊፔጅ የሚባለው ግን ትዕዛዙን በሰጠበት ቅጽበት ያየው ዋጋ ትዕዛዙ እስኪፈጸም ድረስ ሲለወጥ የሚፈጠረው ልዩነት ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ሁለቱን ያምታቷቸዋል፤ የእርስዎ አባላት ለይተው ከተናገሩ ግን ነገሩ የገባቸው መሆኑ ወዲያውኑ ይታወቃል።

ገንዘቡን ያስቀመጡት ሰዎች ሊኩዲቲ ፕሮቫይደር ይባላሉ። እዚህ ላይ የሚመጣው ኢምፐርማነንት ሎስ የተባለው ሐረግ በክርክር ላይ ከሁሉም ይበልጥ የሚያጋጭ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። የኢተር ዋጋ ከ2,000 ወደ 8,000 ቢወጣ ርካሽ ኢተር ፈላጊዎች ከቋቱ እየገዙ ስለሚወስዱ በመጨረሻ 5 ኢተርና 40,000 ዩኤስዲሲ ይቀራል፤ የዚህ ድምር 80,000 ነው። ያው ሰው መጀመሪያውኑ ምንም ሳያደርግ 10 ኢተሩንና 20,000ውን በእጁ ይዞ ቢቆይ ኖሮ 100,000 ይኖረው ነበር። ስለዚህ ሰውየው ካስቀመጠው በላይ ቢያገኝም ይዞ ከመቆየት ጋር ሲነጻጸር 20 በመቶ ጎድሎበታል። «ጊዜያዊ» መባሉ ዋጋው ወደ መነሻው ከተመለሰ ጉድለቱ ስለሚጠፋ ነው፤ ዋጋው ሳይመለስ ገንዘቡን ያወጣ ሰው ግን ኪሳራው ዘላቂ ይሆንበታል። በእኔ እምነት ስያሜው ሻጮችን እንጂ አስቀማጮችን አይጠቅምም። አባላቱ በዚህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ሊከራከሩ ይችላሉ።

ለግሶቹ ያህል፦ ሊኩዲቲ «ፕሮቫይድ» ይደረጋል፣ ትዕዛዝ «ኤክሲኪዩት» ይደረጋል፣ ኪሳራ ደግሞ «ኢንከር» ይደረጋል።

መልስ 2፦ የብድር ባለሙያ፣ ቀበሌ 18

የአዘዞው ወንድማችን አስቀድመው ስለ ቋቱ በሚገባ ስላብራሩ፣ እኔ በባንክ ሥራዬ በደንብ ወደማውቀው ወደ ዋስትናው ልሂድ። ኮላተራል የሚለውን ቃል የባንክ ሠራተኞችዎ ያውቁታል፤ በዲፋይ ብድር የሚያስደንቃቸው ግን ተበዳሪው ከሚበደረው በላይ ማስያዝ የሚገደድ መሆኑ ነው። ቤቱን አስይዞ ከባንክ የሚበደር ሰው ገቢው ይጠናል፣ ስሙ ይታወቃል፣ ሳይከፍል ቢቀርም ፍርድ ቤት አለ። በብሎክቼይን ላይ ግን ተበዳሪው የአድራሻ ቁጥር ብቻ በመሆኑ፣ አበዳሪውን የሚጠብቀው የተያዘው ንብረት ብልጫ ነው። ኦቨርኮላተራላይዝድ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ዳይ የተባለውን ስቴብልኮይን (ዋጋው ከዶላር ጋር እኩል ሆኖ እንዲቆይ የታሰበ ቶክን) ያወጣው፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ስካይ የተባለው ሜከርዳኦ ለረዥም ጊዜ በኢተር ዋስትና ላይ የ150 በመቶ ወለል ነበረው። አንድ ሰው እያንዳንዳቸው 2,000 ዶላር የሚያወጡ 2 ኢተሮች አስይዞ 2,000 ዳይ ቢወስድ ዋስትናው 200 በመቶ ነው፤ የኢተር ዋጋ ከ1,500 በታች ሲወርድ ግን ዋስትናው ከወለሉ ስለሚያንስ ፕሮግራሙ ደብዳቤም ማስጠንቀቂያም ሳይልክ ለጨረታ ያቀርብበታል። ይህ ሊኩዴሽን ይባላል። በእንግሊዝኛ ሲነገር ሊኩዴት የተደረገው «ፖዚሽኑ» ነው ማለት የተሻለ ነው፤ «እኔ ሊኩዴት ተደረግሁ» የሚለው የወዳጆች ጨዋታ እንጂ ለመደበኛ ውይይት የሚመጥን አይደለም።

ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምመክረው ግን ሁለት መስተዋድዶችን ነው። «ፔግድ ቱ» እና «ባክድ ባይ» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ዋጋው ከምን ጋር እኩል እንዲሆን እንደታሰበ ይናገራል፤ ሁለተኛው ያ እኩልነት እንዲጠበቅ ከበስተጀርባው ምን እንደተቀመጠ ይናገራል። ቴራዩኤስዲ ከዶላር ጋር ፔግድ ነበር፣ በዶላር ግን ባክድ አልነበረም፤ ዋናው መደገፊያው ሉና ከተባለው እህት ቶክኑ ጋር በአንድ ዶላር ዋጋ መቀያየር መቻሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ሰዎች ለመውጣት ሲሽቀዳደሙ ያንን ልውውጥ ለመፈጸም ሉና ያለ ልክ ታተመ፤ የሉና ዋጋ በወደቀ ቁጥርም ለእያንዳንዱ ዶላር የሚታተመው ብዛት እየጨመረ ሄዶ ሁለቱም በቀናት ውስጥ ከሰሩ። ዩኤስዲሲ ደግሞ በመጠባበቂያ ገንዘብ የተደገፈ ነው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ከመጠባበቂያው 3.3 ቢሊዮን ዶላሩ በወደቀው በሲሊከን ቫሊ ባንክ ውስጥ መኖሩ ሲታወቅ ዋጋው ከ90 ሳንቲም በታች ወርዶ፣ የአሜሪካ መንግሥት ለአስቀማጮቹ ዋስትና ከሰጠ በኋላ ተመልሷል። አንዱ «ኮላፕስ» አደረገ፣ ሌላው «ዲፔግ» አድርጎ «ሪከቨር» አደረገ። እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን የተናገረ አባል «ሪስኪ» የሚለውን ቃል አይፈልገውም።

የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቋቱን ስሌት በሰሌዳ ላይ ሠርቼ አይቼዋለሁ፤ ግልጽ ነው። አንድ አባላችን ግን «የኤፍቲኤክስ መውደቅ ዲፋይ እንደማይሠራ አረጋግጧል» የሚል አቋም ይዞ ሌሎቹን ዝም አሰኝቷቸዋል። በእንግሊዝኛ በጨዋነት የሚሞግቱት በየትኞቹ ቃላት ነው?

መልስ 3፦ የቀሃ ነዋሪ

አባልዎ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ጠርቷል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ለኪሳራ ጥበቃ ያመለከተው ኤፍቲኤክስ ማዕከላዊ ኩባንያ ነበር፤ የደንበኞቹን ንብረት ራሱ ይዞ ያስተዳድር ስለነበር «ከስቶዲያል» ይባላል። የደንበኞች ገንዘብ አላሜዳ ሪሰርች ወደተባለው እህት ኩባንያ መሄዱ በፍርድ ቤት የተረጋገጠ ሲሆን፣ መሥራቹ ሳም ባንክማን ፍሪድ በማጭበርበር ጥፋተኛ ተብሎ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የ25 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ዩኒስዋፕን በመሰለ «ነንከስቶዲያል» መገበያያ ላይ ግን ገንዘቡ የሚንቀሳቀሰው በባለቤቱ የግል ቁልፍ ነው። ስለዚህ የሚስማማው ምላሽ «ምሳሌው የሚያስረዳው የከስቶዲ አደጋን እንጂ የስማርት ኮንትራክት አደጋን አይደለም» የሚል ነው (ስማርት ኮንትራክት በብሎክቼይን ላይ በራሱ የሚፈጸም ፕሮግራም ነው)፤ ለዚህም «ኮንፍሌት» የተባለውን ግስ ያስተምሩልኝ፣ ሁለት ነገር ማምታታትን ሳይሳደቡ ለመግለጽ የሚያገለግል ነውና።

በሌላ በኩል የዲፋይ ደጋፊዎችም እንዳያመልጡ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ዘ ዳኦ ከተባለው የጋራ ፈንድ 3.6 ሚሊዮን ያህል ኢተር የወጣው የማንንም ቁልፍ በመስረቅ አልነበረም፤ ኮዱ ቀሪ ሒሳቡን ከማስተካከሉ በፊት ገንዘብ ስለሚልክ፣ አንድ ሰው ደጋግሞ እንዲያወጣ ስለፈቀደለት ነው። ይህ «ኤክስፕሎይት» ይባላል። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከገንዘቡ ይልቅ ከባድ ነበር፦ ኮዱ የፈቀደው ነገር ስርቆት ነው ወይስ አይደለም? አብዛኛው ማኅበረሰብ በሐምሌ ወር «ሃርድ ፎርክ» አድርጎ (ከአሮጌው ሰንሰለት ተለይቶ በአዲስ ሕግ ቀጥሎ) ገንዘቡን ለማስመለስ ወሰነ፤ ያልተስማሙት በአሮጌው ሰንሰለት ላይ ቀሩ፤ እሱም ኢቴሪየም ክላሲክ ተብሎ እስከ ዛሬ አለ። «ኢሚዩተብል» (የማይለወጥ) እና «ገቨርናንስ» (የጋራ አስተዳደር) የሚሉት ቃላት እዚህ ታሪክ ላይ ይጋጫሉ፤ የማይለወጥ የተባለውን መዝገብ ሰዎች ተማክረው ለውጠውታልና።

መልስ 4፦ የብድር ባለሙያ፣ ቀበሌ 18

አንድ ነገር ልጨምር። ነጋዴዎቹ አባላትዎ «እኛ አገርስ?» ማለታቸው ስለማይቀር «ሊገል ተንደር» የሚለውን ሐረግ ያዘጋጁላቸው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑን አስታውሶ፣ ቢትኮይንና መሰሎቹን ለክፍያ መጠቀም ሕገ ወጥ መሆኑን አሳውቋል። በአንጻሩ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን «ማይኒንግ» (በኮምፒውተር ቢትኮይን የማምረት) ኩባንያዎች ኃይል ሲሸጥ ቆይቷል። አባላቱ መክፈያ ማድረግን፣ ይዞ መቆየትንና ማምረትን በሦስት የተለያዩ ግሶች ለይተው ካልተናገሩ በዚህ ነጥብ ላይ እርስ በርስ አይደማመጡም። በመጨረሻው ቅዳሜ ለሁለት ከፍለዋቸው አንደኛው ወገን የቴራዩኤስዲን፣ ሌላው የዩኤስዲሲን ጉዳይ ይዞ እንዲከራከር ያድርጉ፤ የፒያሳ ነጋዴዎቹን ግን ለየብቻ ይመድቧቸው፣ አንድ ወገን ከሆኑ ሌላው የመናገር ዕድል አያገኝም።