የመሬት ጥንዚዛ ወጥመድ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ፦ እርዱኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ በመሬት ጥንዚዛዎች (ካራቢዴ) ላይ ነው። ከእንጦጦ ጫካ ተነስቼ መሀል አዲስ አበባን አቋርጬ አቃቂ ፋብሪካዎቹ ጥግ ድረስ ወጥመድ ልቀብር አስቤያለሁ። ወደ ከተማውና ወደ ፋብሪካው በተጠጋሁ ቁጥር ጥንዚዛዎቹ በአካል መጠን እያነሱ ይሄዳሉ ወይ ነው ጥያቄዬ። ለሙከራ 10 የፕላስቲክ ኩባያ ቀብሬ በሳምንቱ ስመለስ ስድስቱን ዝናብ ሞልቷቸዋል፣ ሁለቱን ውሻ ቆፍሮ ጥሏቸዋል። በቀሩት ውስጥ ያገኘሁት አንዲት ጥንዚዛና መዓት ጉንዳን ነው። የቱ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ጊዜው እየሄደብኝ ጨንቆኛል።

የሜዳ ሰው፦
አይዞሽ እህቴ፣ የሁላችንም የመጀመሪያ ሳምንት እንዲሁ ነው። የኩባያው አፍ ከአፈሩ ጋር እኩል ነበር? ጥንዚዛዋ ጠርዙ ትንሽ ከፍ ካለባት በአንቴናዋ ዳስሳው ዞራ ትሄዳለች። አፈሩን እስከ ጠርዙ ጠቅጥቂው፤ ጣትሽን ስታሳልፊበት ምንም ሊያደናቅፈው አይገባም። ሁለት ኩባያ ደራርበሽ ቅበሪ፣ የውስጡን ብቻ ስታነሺ ጉድጓዱ አይናድም። ከላይ ቁራጭ ቆርቆሮ በረጃጅም ሚስማር ላይ ሦስት ጣት ያህል ከፍ አድርጊለት። ውስጡ ጨው በደንብ የሟሟበት ውሃ ይሁን፣ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሪበት፤ ያለሳሙና ትንንሾቹ ላይ ላዩን ይንሳፈፋሉ። ለውሻው ትልቁን ጥንዚዛ የሚያሳልፍ ሽቦ ወንፊት አንጥፈሽ ዳርዳሩን ድንጋይ ጫኚበት።

ከሄልሲንኪ፦
ግሎብኔት የሚባለውን ጥናት አንብቢ። ሄልሲንኪን፣ ሶፊያንና ኤድመንተንን ከገጠር እስከ መሀል ከተማ ያነጻጸረው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቷል። የጫካ ዝርያዎች ወደ ከተማ ሲገባ ይመናመናሉ፤ ከትልልቆቹ ብዙዎቹ አይበሩም፣ እጫቸውም አፈር ውስጥ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፣ አስፋልት ከቆረጣቸው መመለሻ የላቸውም። የሚበሩት ትንንሾች ግን የታረሰውም የተቆፈረውም ቦታ ላይ ቶሎ ይሰፍራሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ሁለት ጥያቄ አትቀላቅዪ። ትልልቅ ዝርያዎች ስለጠፉ የአካል መጠኑ አማካይ ሊወርድ ይችላል። ወይም የአንዱ ዝርያ ግለሰቦች ራሳቸው ያንሳሉ፤ ጥንዚዛ ከሙሽሬነት (ከእጭ ቀጥሎ ካለው ደረጃ) ከወጣች በኋላ ስለማታድግ ይሄ እጭ ሆና የበላችውን ነው የሚናገረው። ስለዚህ በሁሉም ቦታ የሚገኝ አንድ ዝርያ ምረጪና ጠንካራውን የላይ ክንፍ በካሊፐር (ትንንሽ ነገር በሚለካ መሣሪያ) ለኪ። ሙሉ ቁመቱን ተዪው፣ ሲደርቅ ሆዱ ይሰበሰባል።

የአፈር ነገር፦
እኔን ያሳሰበኝ መስመርሽ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ ወደ 2,100 ግድም። ከፍታው ብቻውን ዝርያውንም መጠኑንም ይቀይራል፤ የከተማውን ተጽዕኖ በምን ትለዪዋለሽ? እንጦጦ ላይ ደግሞ አብዛኛው ከምኒልክ ዘመን ወዲህ የገባ ባሕር ዛፍ ነው፣ እንደ ተፈጥሮ ጫካ ልትይዢው አትችይም። እኔ ብሆን አቃቂ ዙሪያ ብቻ እቀራለሁ፦ ከቆዳ ፋብሪካ በላይና በታች፣ ተመሳሳይ አፈርና ተመሳሳይ ሣር ያለበት፣ ወንዙ ከማይደርስበት። ከየወጥመዱ ሥር አፈር ወስደሽ ክሮምየሙን (ለቆዳ ማልፊያ የሚውለውን ብረት) አስለኪ። አለዚያ «ፋብሪካው ነው» ለማለት ማስረጃ አይኖርሽም።

ጠያቂ፦
ከፍታው ጭራሽ አልታየኝም ነበር! አማካሪዬን አነጋግሬ እንጦጦን አወጣለሁ። ቆርቆሮውን ዛሬ አስቆረጥኩ። ወንድና ሴቷን ለይቼ ልለካ ወይስ አብሬ?

ከሄልሲንኪ፦
ለይተሽ። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ ትበልጣለች። የወንዱን የፊት እግር ጫፍ በማጉያ እዪው፣ በብዙዎቹ ዝርያዎች ሰፋ ያለ ነው፣ ከሥሩም ጸጉር አለው።