የአጎቴ የጊታር አምፕሊፋየር ምን ዓይነት ነው? ስንትስ ያወጣል?

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ፣ ከሄርማታ ነው። አጎቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በወጣትነቱ ጊታር ይጫወት ነበር። ካረፈ በኋላ ከአልጋው ሥር አንድ የቲዩብ (ድምፁን በመስታወት ቱቦዎች የሚያጎላ) አምፕሊፋየር አገኘን። የስም ታርጋው ወልቋል፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ ብቻ ቀርተዋል። ውስጡ የተለጠፈውን ወረቀትም የጅማ እርጥበት በልቶታል። ሞዴሉ እዚያ ላይ ሳይጻፍ አልቀረም፤ በጣም ነው የቆጨኝ።

ጀርባውን ከፍቼ አየሁት። ሁለት 6ቪ6 ቲዩቦች አሉት። የድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ 1376512 የሚል ቁጥር አለ። 137 ሲቲኤስ የተባለው የአሜሪካ አምራች ነው። ቀሪው የ1965 እ.ኤ.አ. 12ኛ ሳምንት ማለት ነው። የትራንስፎርመሩ ቁጥር በ606 ይጀምራል፤ ይሄ ሹማከር የተባለው የትራንስፎርመር አምራች ነው። የአሜሪካው የጊታርና የአምፕሊፋየር አምራች ፌንደር የሁለቱንም ዕቃ ይጠቀም ነበር፤ ስለዚህ ፌንደር ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። ግን ሌሎችም ከሲቲኤስ ይገዙ ነበር። ደግሞ ቁጥሩ ዕቃው የተሠራበትን ጊዜ እንጂ አምፕሊፋየሩ የተገጣጠመበትን አይናገርም። የተጣበቅኩት እዚህ ላይ ነው። ስፒከሩም ተቀይሯል።

ሶኬት ላይ አልሰካሁትም። ለአሜሪካ መብራት የተሠራ ከሆነ የኛ 220 ቮልት ያቃጥለዋል።

አንድ ደላላ 15 ሺህ ብር ልስጥህ አለኝ። እናቴ ይሸጥ ትላለች፤ እኔ ግን እጄ እሺ አላለኝም። ያለ ታርጋ ሞዴሉን በምን ልለየው? የስፒከሩ መቀየር ዋጋውን ምን ያህል ይጥለዋል? እዚህ ጅማ ወይ አዲስ አበባ ቲዩብ በደንብ የሚያውቅ ባለሙያ ካለ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ደላላው ቅዳሜ ይመለሳል።