መሐላው ላይ የተጨመረው ቃል ከየት መጣ? ስለ ዳኛ ሙሬይ ሲንክሌር

ከካልጋሪ፦
ሰላም ወገኖቼ። የካናዳ የዜግነት ፈተናውን አልፌ የመሐላ ቀጠሮ እየጠበቅኩ ነው። መሐላው ውስጥ የአገሩ ነባር ሕዝቦች የሆኑት የፈርስት ኔሽንስ፣ የኢኑይትና የሜቲስ መብት ይጠቀሳል። ቀደም ብሎ ዜግነት የወሰደው ወንድሜ «በእኛ ጊዜ ይሄ አልነበረም» አለኝ። ነገሩን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። የማላውቀውን ነገር ምዬ መውጣት አልፈልግም።

ከዊኒፔግ፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ወንድምሽ ልክ ነው። ቃሉ የገባው በሰኔ 2021 በጸደቀ ሕግ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መነሻው የነባሮቹ ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው የገቡባቸውን አዳሪ ትምህርት ቤቶች የመረመረው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን በ2015 ያወጣቸው 94 የተግባር ጥሪዎች ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በቀጥታ እኛን መጤዎቹን ይመለከታሉ። 93ኛው ለአዲስ ገቢዎች የሚሰጠው መረጃና የዜግነት ፈተናው የነባሮቹን ሕዝቦች ታሪክ፣ ውሎቹንና የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹን ጉዳይ እንዲይዝ ይጠይቃል። 94ኛው መሐላው እንዲሻሻል። ኮሚሽኑን የመሩት ሙሬይ ሲንክሌር የእኛው የማኒቶባ ሰው ነበሩ። የሳቸውን ሕይወት ካወቅሽ መሐላው ራሱ ይገባሻል።

በ1951 ከዊኒፔግ በስተሰሜን፣ ሴልከርክ አጠገብ ተወለዱ። ቦታው ድሮ የሴንት ፒተርስ ማኅበረሰብ ይዞታ ነበር። ሕዝቡ በ1871 «ቁጥር 1» የሚባለውን የመሬት ውል ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር ከተፈራረሙት አንዱ ነው። በ1907 ግን መሬቱን አስረክቧል ተብሎ ወደ ሰሜን፣ ፔጉዊስ ወደሚባለው ስፍራ ተገፋ። ዊኒፔግ ቤት የተከራየንም የገዛንም የምንኖረው በዚያ ውል መሬት ላይ ነው። ውሉ ዛሬም ይሠራል። ባለመብቶቹ በዓመት በነፍስ ወከፍ 5 ዶላር ይከፈላቸዋል፤ መጠኑም ከ1870ዎቹ ጀምሮ ንቅንቅ አላለም።

እናታቸው ገና ሕፃን ሳሉ ስላረፉ ያሳደጓቸው አያቶቻቸው ናቸው። ሴት አያታቸው ቄስ እንዲሆኑላቸው ይመኙ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ከተማሩ በኋላ እኚህኑ አያታቸውን ለማስታመም ትምህርቱን ትተው ተመለሱ። ሕግ ተምረው የተመረቁት በ1979 ነው። ጥብቅናውን ጀምረው ብዙም ሳይቆዩ ግን በሙያው ተስፋ ቆረጡና አንድ የአገሩ ሽማግሌ ዘንድ ሄዱ። ሽማግሌው ሥራውን ከመተዋቸው በፊት አኒሺናቤ (የሲንክሌር ነባር ሕዝብ ስም ነው) መሆን ምን እንደሆነ እንዲማሩ መከሯቸው። ምክሩን ሰምተው በሙያው ቀጠሉ። በ1988 በማኒቶባ የመጀመሪያው፣ በካናዳ ደግሞ ሁለተኛው የነባር ሕዝብ ተወላጅ ዳኛ ሆኑ።

ወዲያው ከባድ ሥራ ተሰጣቸው። ሄለን ቤቲ ኦስቦርን የምትባል የ19 ዓመት የነባር ሕዝብ ልጅ ለትምህርት ብላ በሰሜን ማኒቶባ ወዳለችው ዘ ፓ ከተማ መጥታ በ1971 ተገደለች። ተከሳሾቹ ችሎት ፊት የቀረቡት 16 ዓመት ቆይቶ ነው። የተፈረደበትም አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሲንክሌርና ሌላው ዳኛ አልቪን ሃሚልተን ይህንንና መሰል ጉዳዮችን መርምረው በ1991 ሪፖርታቸውን አወጡ። የፍትሕ ሥርዓቱ ነባሮቹን ሕዝቦች እንዴት እንደበደለ በግልጽ ጻፉ።

ነርስ ለሆናችሁ እህቶቼም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እዚህ ከተማ በዚህ ሙያ ያላችሁ ብዙ ናችሁና። በ1994 ዊኒፔግ ውስጥ ከልብ ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ 12 ሕፃናት ሞቱ። ምርመራውን ያካሄዱት እሳቸው ናቸው። ነርሶቹ ችግሩን አስቀድመው ተናግረው ነበር፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። ሲንክሌር ይህን በሪፖርታቸው በደንብ አስፍረውታል።

ኮሚሽኑን ከ2009 ጀምሮ መሩ። ወደ 150,000 የሚጠጉ ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተወስደዋል። ከ6,500 በላይ ሰዎች ቃላቸውን ሰጡ። በስብሰባዎቹ ላይ ሰው እንባውን የጠረገበት ሶፍት አይጣልም ነበር። ይሰበሰብና በተቀደሰው እሳት ውስጥ ይቃጠል ነበር። ይህን ሳስብ ሁሌም ልቤ ይነካል፤ የዚያን ሕዝብ እንባ እንዲህ ያከበረለት አልነበረምና።

ከዚያ በኋላ ሴናተር ሆኑ፤ በኋላም የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር። ኅዳር 2024 ላይ በ73 ዓመታቸው አረፉ።

ከኤድመንተን፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ልጄ ገና 7 ዓመቷ ነው። ሴፕቴምበር 30 ብርቱካናማ ቲሸርት ልበሱ ብለው ከትምህርት ቤት ወረቀት ላኩ። «ለምንድን ነው?» ስትለኝ ምን ልበላት?

ከዊኒፔግ፦
እውነቱን በልኳ ንገራት ወንድሜ። ፊሊስ ዌብስታድ የምትባል የ6 ዓመት ልጅ ነበረች። በ1973 አያቷ አዲስ ብርቱካናማ ሸሚዝ ገዙላት። አዳሪ ትምህርት ቤት በገባችበት በመጀመሪያው ቀን ሸሚዙን አውልቀው ወሰዱባት፤ አልመለሱላትም። ብርቱካናማው የሚለበሰው ይህን ለማስታወስ ነው። ይህን አንድ የ7 ዓመት ልጅ በሚገባ ትረዳዋለች። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ስለሞቱት ልጆች ከፍ ስትል ትሰማለች።

ቀጥለህ ልጆቹ እዚያ የገዛ ቋንቋቸውን ሲናገሩ ይቀጡ እንደነበር ንገራት። የእኛ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ሀሁ የሚቆጥሩት ማንም ሳይከለክላቸው ነው። ሲንክሌር ደጋግመው የሚናገሩት፣ ማንኛውም ልጅ አራት ነገር ማወቅ እንዳለበት ነበር፦ ከየት መጣሁ፣ ወዴት እሄዳለሁ፣ ለምን እዚህ ነኝ፣ ማን ነኝ። እነዚያ ትምህርት ቤቶች ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አሳጥተዋቸዋል ይሉ ነበር። እኔ ጥያቄዎቹን ለልጆቼ በአማርኛ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጥፌላቸዋለሁ። ትልቁ ልጄ ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ጎጃም ያሉትን አያቱን ደውሎ ጠየቃቸው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ አወሩ።

ቲሸርቱን ስትገዛ ነባሮቹ ሕዝቦች ራሳቸው ከሚሸጡት ግዛ። እዚያው ኤድመንተን የሚሸጡ አይጠፉም፤ ትምህርት ቤቷን ጠይቅ።