አሮጌ ዴል ላፕቶፕ ላይ ራም መጨመር፦ ጅማ ያላችሁ እባካችሁ

የጅማዋ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የጽሕፈትና የፕሪንት ሱቅ አለችኝ። የምሠራበት ላፕቶፕ ዴል ላቲቲዩድ ኢ6430 ነው። ኮር አይ5፣ 3ኛ ጄነሬሽን፣ ራሙ (ፕሮግራሞች ሲከፈቱ የሚሠሩበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) 4 ጊጋ። ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ሲደርስ ጉዴ ይፈላል። ተማሪው በፍላሽ ያመጣውን፣ ፎቶና ሠንጠረዥ የሞላበትን ወርድ ስከፍት ቴሌግራምና ክሮም አብረው ካሉ ማውሱ እንኳ አልንቀሳቀስ ይላል። ልጁ አማካሪው እየጠበቀው አጠገቤ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። በጣም ያሳዝነኛል።

አንዱ ሱቅ «ባለ 8 ጊጋ ራም ግዢ» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ያረጀ ዕቃ ነው፣ ሽጪው» አለኝ። ሌላ ላፕቶፕ የምገዛበት አቅም የለኝም። የቱን ልግዛ? ራሴስ ልክፈተው?

የኮቼ ልጅ፦
እህቴ፣ እንዳትሸጪው። ይሄ ላፕቶፕ ጠንካራ ዕቃ ነው፣ ገና ያገለግልሻል። የጥገና ሥራ ላይ ስለሆንኩ በየጊዜው ይገጥመኛል።

ብር ከማውጣትሽ በፊት ውስጡ ያለውን እወቂ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ። ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ በዪ። ከታች ስንት ስሎት (ራም የሚሰካበት ቦታ) እንደተያዘ ይነግርሻል። ያንቺ ማሽን ሁለት ስሎት አለው። አንዱ ብቻ ከተያዘ ባለ 4 ጊጋ ጨምሪና 8 ይሆናል። እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ራሞች ተጣምረው ስለሚሠሩ ፍጥነትም ታገኛለሽ። ሁለት ባለ 2 ጊጋ ከሆኑ ግን አንዱን ማውጣት ግድ ነው።

የሚገባልሽ የራም ዓይነት የላፕቶፕ ዲዲአር3 ነው። ዲዲአር4 አይገባም፣ መሐሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ቦታው ይለያል። ማንም «ይገባል» ቢልሽ በጉልበት እንዳታስገቢው።

መክፈቱ አያስፈራም። ቻርጀሩን ንቀዪ፣ ባትሪውን አውጪ፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኚው፤ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያፈሳል። የሥሩን ክዳን ፈትተሽ ከመንካትሽ በፊት ብረት ነገር ንኪ። ራሙን ሰያፍ አድርገሽ እስከ መጨረሻው አስገቢው፣ ከዚያ ወደ ታች ተጫኚው። ግራና ቀኝ ያሉት መያዣዎች ቀጭ ሲሉ ትሰሚያለሽ። ቀጭ ካላለ አልገባም ማለት ነው።

የኪቶ ተማሪ፦
ወንድሜ በደንብ አስረድቷል። እኔ ሁለት ነገር ልጨምር። ዊንዶውሱ 64 ቢት መሆኑን እዪ። 32 ቢት ከሆነ 8 ጊጋ ብታስገቢም ከ4 በላይ አይጠቀምም።

ሁለተኛው ሃርድ ዲስኩ ነው። የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ራም ብቻውን አያድንሽም። ብር ከተረፈሽ በሱ ፈንታ የማይሽከረከረውን ፈጣን ዲስክ፣ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ አስገቢ። ፋይል ስትከፍቺና ስታስነሺው ልዩነቱን ወዲያው ታያለሽ። በእኔ እምነት ባለ 8 ጊጋ ከመግዛት ባለ 4 ጊጋውና ኤስኤስዲው ይሻላሉ። ደግሞ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል፣ 3ኛ ጄነሬሽን ደግሞ ለዊንዶውስ 11 በይፋ አይፈቀድም። የሰው ፍላሽ ሲሰካበት ስለሚውል አንቲቫይረሱን አትርሺ፣ የተማሪዎቹንም ፋይል ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጊ።

የጅማዋ ጸሐፊ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አየሁት፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው የተያዘው። 64 ቢት ነው። አንድ ሱቅ ያገለገለ ባለ 4 ጊጋ አለ፣ ግን ላዩ ላይ «ፒሲ3ኤል 12800ኤስ» ይላል። የእኔ ላይ «ኤል» የለውም። ይሆናል?

የኮቼ ልጅ፦
ይሆናል። «ኤል» ያለው በ1.35 ቮልት መሥራት የሚችል ነው፣ አብዛኛው በ1.5 ቮልትም ይሠራል። ያንቺ ማሽን 1.5 ይሰጠዋል። ችግሩ በተቃራኒው ነው፤ 4ኛ ጄነሬሽን ላይ «ኤል» የሌለው ቢገባ ላይነሳ ይችላል።

ያገለገለ ስለሆነ ላፕቶፑን ይዘሽ ሂጂና እዚያው አስገብተሽ ሞክሪው። አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ካስገዛሽ ግን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መልሶ መላክ ስላለ የድሮውን ራም ጽሑፍ ፎቶ አንሥተሽ ላኪለት። የእኛ አገር እርጥበት ስሎቱ ውስጥ የሚገቡትን የራሙን እግሮች ያደበዝዛል፤ ወርቃማው መስመር ከደበዘዘ በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለሽ ጥረጊው፣ ፍርፋሪውን እፍ በዪው። ማታ ሱቅ ስትዘጊ ራሙን የሚፈትሸውን የዊንዶውስ ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ አስነሺና ተዪው። ስህተት ካሳየ ሳይውል ሳያድር መልሺ፤ ከመክፈልሽ በፊት መመለስ እንደሚቻል ተስማሚ።